ይሉኝታና ማታለል፤ ከጦቢያ እስከ ጉዱ ካሣ

ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ተነሥቶ ወደ ዘጌ የሚሻገር ሰው፣ በጣና ላይ አንድ ሰዓት ያህል ከሄደ በኋላ ከየብስ ወርዶ፣ የቡናውን ጫካ አቋርጦ ከዑራ ኪዳነ ምሕረት ይደርሳል። የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። በዚያ ሥዕል ፊት የቆመ ሕፃን እንኳ ደጉን ከክፉው ለመለየት አይቸገርም፤ የጥንት ሠዓሊዎቻችን ቅዱሳኑን ሙሉ ፊታቸውን ከሁለት ዐይናቸው ጋር ሲያሳዩ፣ ከሐድያንንና አጋንንትን ግን በጎናቸው አዙረው አንድ ዐይን ብቻ ይሰጧቸዋልና። ትምህርት በተዘጋ ጊዜ የልጅ ልጄን ይዤ ሄጄ ይህን ደንብ ባስረዳኋት ጊዜ፣ ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፣ «አባባ፣ እሱ ራሱ አንድ ዐይን ብቻ እንደሚታይ ያውቃል?» ስትል ጠየቀችኝ።

በመምህርነት ብዙ ዘመን ኖሬአለሁ፤ እንደዚህ ያለ ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ አልገጠመኝም። ቢያውቅማ ኖሮ ፊቱን መለስ አድርጎ ከቅዱሳኑ መካከል በቆመ ነበር! ክፉው በሥዕሉ ላይ የተጋለጠው ክፉ ስለ ሆነ ብቻ ሳይሆን ከወዲህ ቆመን የምናየውን እርሱ ማየት ስለማይችል ነው። በገበያና በቤተ መንግሥት፣ በትምህርት ቤትም የምናገኘው ክፉ ግን እንዲህ አይደለም። እርሱ በምን በኩል እንደምናየው ጠንቅቆ ያውቃል።

እኛ መምህራን «ራስህን ዕወቅ» እያልን ስናስተምር ኖረናል፤ ራሱን ያወቀ ሰው ደግ ይሆናል ብለን ነው። ዛሬ በስተርጅና ሳስበው ነገሩ እንዲህ ቀላል ሆኖ አልታየኝም። ራሱን ከውጭ ማየት የማይችል ሰው ማንንም ሊያታልል አይችልም፤ ማታለል የሚጀምረው ራስን በሌላው ዐይን ከማየት ነውና። ይህን ነገር በሁለት መጻሕፍት ልመረምረው እሞክራለሁ፤ የአንደኛው ደራሲ የተወለዱት እዚሁ ዘጌ ነው፣ ሁለተኛውም ከዚሁ ከጎጃም የወጡ ናቸው።

አስቀድሞ ግን ስለ አንድ ቃል ልናገር። በቋንቋችን ይሉኝታ የሚባል አለ። ቃሉ ከ«ይሉኛል» የወጣ ነው፤ ሰዎች ስለ እኔ ምን ይላሉ ብሎ ማሰብ ማለት ነው። ይሉኝታ የሌለው ሰው ብሎ መናገር በአገራችን ከባድ ስድብ ነው፤ ስለዚህ ቃሉን ሁልጊዜ በበጎ እንወስደዋለን። ነገር ግን ልብ ብለን ብናየው፣ ይሉኝታ ያለው ሰው በልቡ ውስጥ የሌላ ሰው ዐይን አስቀምጦ የሚኖር ሰው ነው። በዚያ ዐይን አንዱ ከስርቆት ይታቀብበታል፤ ሌላው ሳይታይ የሚሰርቅበትን ሰዓት ይመርጥበታል። እናቶቻችን ይሉኝታን ሲያስተምሩን ሁለቱንም ባንድ ላይ ነው ያስተማሩን።

አንድ ሐስ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ያሳተመው ጥናት አለ። ተማሪዎች በገዛ ግንባራቸው ላይ ግራና ቀኙ የማይመሳሰል አንድ የላቲን ፊደል እንዲጽፉ ታዘዙ። አንዳንዱ ፊደሉን ለራሱ እንዲነበብ አድርጎ ጻፈ፤ አንዳንዱ ከፊቱ ለቆመ ሰው እንዲነበብ አድርጎ ጻፈ። ካሜራ ከፊታቸው በተደቀነ ጊዜም ለተመልካች የሚጻፈው በዛ። ኋላ የተነሡ ሌሎች ሰዎች ይህን ይዘው፣ ለተመልካች የሚጽፍ ሰው ውሸት ያውቅበታል እስከ ማለት ደርሰዋል። አንድ ፊደል ይህን ያህል ሸክም የሚችል አይመስለኝም። ቢሆንም በቤቴ ውስጥ በእኛው «ነ» ሞክሬው ነበር። ያች ጥያቄ የጠየቀችኝ ልጅ ለራሷ ጻፈች፤ ታናሽ ወንድሟ ለእኛ ጻፈ። እርሱም የተሰበረ ብርጭቆ ሁሉ ድመት የሰበረችው የሚሆንለት ልጅ ነው፤ ይህንን ግን እንደ ማስረጃ አልቈጥርበትም።

ወደ መጽሐፉ ልግባ። ነጋድራስ አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1860 ዓ.ም. በዘጌ ተወለዱ፤ በወጣትነታቸውም ሥዕል እንዲማሩ ወደ ኢጣሊያ ተላኩ። በ1900 ዓ.ም. በሮማ «ልብ ወለድ ታሪክ» ብለው ያሳተሙትን መጽሐፍ እኛ ዛሬ «ጦቢያ» እንለዋለን። በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ እርሱ ነው። ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። አንድ የክርስቲያን የጦር አለቃ በጦርነት ተማርኮ ለባርነት ይሸጣል፤ አንድ ደግ ነጋዴም ገዝቶ ነጻ ያወጣዋል። ልጁ ዋሕድ የዚያን ነጋዴ ውለታ ለመመለስ ከቤቱ ወጥቶ እርሱ ራሱ ለባርነት ይዳረጋል። መንታ እኅቱ ጦቢያ ከአባቷ ጋር ልትፈልገው ስትነሣ የወንድ ልብስ ለብሳ ወንድ መስላ ትሄዳለች። በአረመኔው ንጉሥ አገርም አንዲት የቤተ መንግሥት ልጅ ወንድ መስላት ትወዳታለች። በመጨረሻም ንጉሡ ክርስቲያን ይሆናል፤ ጦቢያንም ያገባል።

እንግዲህ ታሪኩ የቆመው በማታለል ላይ ነው። ጦቢያ ያታለለችው ለክፋት አይደለም፤ ሕይወቷን ለማዳንና ወንድሟን ለማግኘት ነው። በዚህ የሚፈርድባት አንባቢ የለም፣ እኔም አልፈርድባትም። እኔ የምወቅሰው ደራሲውን ነው። ደራሲው ልጅቱን የወንድ ልብስ ባለበሷት ጊዜ አንድ ትልቅ በር ከፈቱ፤ ነገር ግን አልገቡበትም። ሴት ልጅ ወንድ መስላ በሰው አገር ለመኖር፣ እያንዳንዷን እርምጃዋን በሌላው ዐይን እያየች መራመድ አለባት። ድምፅዋን፣ አቀማመጧን፣ ውሃ የምትጠጣበትን እጅ ሳይቀር አስቀድማ ማሰብ አለባት። ማታ ብቻዋን ስትሆን ያ የሌላው ዐይን ይለቃታልን? ወይስ በተኛችበትም ይጠብቃታል? ይህን ደራሲው አይነግሩንም። የሚነግሩን ውበቷን ነው፤ ማን እንዳያት፣ ያያትም እንዴት እንደ ደነገጠ ነው። ጦቢያን ከዳር እስከ ዳር የምናውቃት ባዩዋት ሰዎች ዐይን ነው።

ያች የወደደቻት ልጅ ደግሞ አለች። እርሷ ማንንም አልበደለችም፤ ልቧን የሰጠችው በዓለም ላይ ላልነበረ ሰው ነው። ከማታለል ሁሉ የሚከብደው ይኸ ይመስለኛል፤ ክፉ አሳቢውን አታልሎ ማለፍ አለ፣ ምንም ያላደረገ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ሲገኝ እርሱም አብሮ መታለሉ አለ። መጽሐፉ ይህን ሐዘን እንደ አንድ የሚያስቅ እንቅፋት ቈጥሮ በደስታ ፍጻሜ ያልፈዋል። ጦቢያ አንድ ጊዜ ብቻ «ይህችን ምን አደረግኋት?» ብላ ብትጠይቅ ኖሮ፣ ይህ መጽሐፍ የመጀመሪያው ብቻ ሳይሆን ከታላላቆቹም አንዱ በሆነ ነበር። ከፊታቸው ምንም ፈለግ ያልነበረን ደራሲ በዚህ መውቀስ ግፍ ነው የሚለኝ ቢኖር እውነቱን ነው። ቋንቋቸውማ ዛሬም ሲነበብ ያስቀናል።

ይህን ጕድለት በእጅ ጥበብ ማነስ ብቻ እንዳላልፈው የሚያደርገኝ የደራሲው ሕይወት ነው። አፈ ወርቅ ሰው ሌላው ዘንድ እንዴት እንደሚታይ የማወቅ ስጦታ ነበራቸው። ሠዓሊ ነበሩና ይህ አያስደንቅም። በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጦርነት ዘመን ከኢጣሊያኖች ወገን አደሩ። ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ1901 ዓ.ም.፣ በዚያው በሮማ «ዳግማዊ ምኒልክ» የሚል የውዳሴ ታሪክ አሳተሙ፤ የተወደሱትም በዐድዋ ድል ያደረጉት ንጉሥ ናቸው። ኋላም ወደ አገራቸው ተመልሰው በሹመት አገለገሉ፤ በሮማ የኢትዮጵያ መንግሥት ወኪል እስከ መሆን ደረሱ። በ1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ ደግሞ እንደ ገና ለእርሱ አደሩ፣ «አፈ ቄሣር» ተባሉ። አፈ ወርቅ ብሎ ስም ያወጣላቸው ሰው ይህንን ቢሰማ ምን ይል ነበር! ከድል በኋላ ወደ ጅማ ተግዘው እ.ኤ.አ. በ1947 እዚያው ሞቱ።

ይህንን የምዘረዝረው በሙት ላይ ድንጋይ ለመጨመር አይደለም። የሚያሳስበኝ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይህ ሰው እየዋሹ እንደሆነ ያውቁ ነበርን? በምኒልክ ፊት ምኒልክ የሚወዱትን ሰው ሲሆኑ፣ በኢጣሊያ ፊት ደግሞ ኢጣሊያ የምትወደውን ሲሆኑ፣ በውስጣቸው የቀረ ሦስተኛ ሰው ነበርን? በጊዜው ይህን ውዳሴ የነቀፈው ሌላው ነጋድራስ፣ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ በ1904 ዓ.ም. «ዐጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው ጽሑፋቸው የአፈ ወርቅን አድልዎ ገልጠው ወቀሱ። ታሪክ የሚጽፍ ሰው ሳያዳላ መፍረድ አለበት የሚል ነው ነገራቸው። ገብረ ሕይወት በሚሲዮን ቤት ያደጉ ነበሩ፤ እኔም እንደዚያው በሚሲዮን ቤት የተማርሁ ስለ ሆንሁ በልጅነቴ ለእርሳቸው እጅግ አዳላ ነበር። እኛ ሚሲዮን ቤት ያደግን ሰዎች ራሳችንን መመርመር ተምረናል፣ እኛ አንዋሽም ብዬ አምን ነበር።

ይሁንና ያ ምርመራ ምን ይመስል እንደ ነበር ልናዘዝ። በተማርሁበት ቤት ማታ ማታ በዕለቱ የሠራነውን አንድ ጥፋት በደብተር ላይ እንድንጽፍ እንታዘዝ ነበር። ደብተሩን አስተማሪያችን ቅዳሜ ያነቡታል። አንድ ወር ሳይሞላኝ ምን ዓይነት ጥፋት እንደሚያስደስታቸው ዐወቅሁ። ትልቅ ጥፋት ያስቈጣቸዋል፤ ጥፋት የለኝም ማለትም ትዕቢት ይሆናል። ስለዚህ ትናንሽና ቆንጆ ጥፋቶች እፈጥር ነበር፦ «በጸሎት ሰዓት ሐሳቤ ወደ እናቴ ሄደ» የሚል ዓይነት። አስተማሪዬም ከሥሩ በቀይ ቀለም «እውነተኛ ልጅ» ብለው ይጽፉልኝ ነበር። ራስን መመርመር የተማርሁበት ደብተር ማታለልም ያስተማረኝ እርሱ ነው። አስተማሪዬ ቅን ሰው ነበሩ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው መጽሐፍ ልለፍ፤ በዚህኛው ላይ ብዙ ባልቆይ አይፈረድብኝም፣ ያላነበበው ሰው እንኳ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምቶታልና። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ። ፊታውራሪ መሸሻን እንመልከት። ስለ ዘራቸው፣ ስለ ጀግንነታቸው፣ ስለ ክብራቸው ሲናገሩ የሚሰማቸው ሁሉ በልቡ ይስቃል፤ እርሳቸው ብቻ አይሰሙም። ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል የሚመጥን ባል ከምድር ላይ ያጣሉ። በባላገሮቻቸው ላይ ዘምተው በገዛ ባላገሮቻቸው ይማረካሉ። ፊታውራሪ ማንንም ማታለል አይችሉም፤ ራሳቸውን ከውጭ አይተው አያውቁምና። እንደ ዑራው ሥዕል በጎናቸው ቆመው ሙሉ ፊታቸው የሚታይ ይመስላቸዋል። ግፈኛ ናቸው፤ ግን ስናነባቸው ከመጥላት ይልቅ የምንስቀው፣ አንዳንዴም የምናዝንላቸው ለዚህ ይመስለኛል። አፈ ወርቅ ጦቢያን ከውጭ ብቻ አሳዩን፤ ሐዲስ ግን አንድ ሰው ከውስጥ ምን እንደሚያይና ከውጭ ምን እንደሚታይ ጎን ለጎን አድርገው አሳዩን። በመካከሉ ያለው ርቀት ነው መጽሐፉ።

ጉዱ ካሣ ግን ከሁለቱም የተለየ ነው። ካሣ ዳምጤ ከፊታውራሪ ዘመዶች ወገን ነው፣ የተማረ ነው፣ ሰዎች እንዴት እንደሚያዩትም ያውቃል። እብድ እንደሚሉት ያውቃል። ቃላቱን ጥቂት ለስለስ ቢያደርግ፣ በግብር ላይ አንድ ሁለት ውዳሴ ቢያሰማ፣ ያ ሁሉ ስድብ ቀርቶለት ከፊታውራሪ ቀኝ በተቀመጠ ነበር። ለማታለል የሚያስፈልገው ዐይን በሙሉ አለው፤ አይጠቀምበትም። ይሉኝታ የለውም ብለው የሚነቅፉት ሰዎች ተሳስተዋል። ሰው ምን እንደሚለው ከማንም ይበልጥ ያውቃል፤ ዋጋውንም ይከፍላል። ሐዲስ ይህን ሰው እንከን የሌለው አድርገው አልሣሉትም፤ እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ ንግግሩ ይረዝምብኛል፤ እንደ ስብከት ይሆንብኛል። ሆኖም በአማርኛ ድርሰት ውስጥ ራሱን በሌሎች ዐይን አይቶ ሳለ ያየውን ላለመሸጥ የቆረጠ ሰው እንደ እርሱ አላውቅም።

እዚህ ላይ ሰምና ወርቅን የሚያነሣብኝ አይጠፋም። ዶናልድ ሌቪን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1965 በዚሁ ስም ባሳተመው መጽሐፍ አማራ ነገሩን በሰም ሸፍኖ መናገር እንደሚወድ ብዙ ጽፏል። በእኔ ሐሳብ ቅኔ ከማታለል ወገን አይቈጠርም። ባለቅኔው ሰሙን የሚያለብሰው ወርቁ እንዲገኝለት ነው፤ ሳይገኝለት ከቀረ ያዝናል። አታላይ ግን እንዳይገኝበት ይጸልያል። ጉዱ ካሣም ምስጢሩን የሚሸፍነው እንዲገኝ አድርጎ ነው፤ የማይፈልጉት ሰሚዎቹ ናቸው።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ስለ ሰው እየጻፍሁ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ከዘጌ በተመለስን ጊዜ ጀልባውን የነዳልን ጎልማሳ፣ ሞተሩን ካስነሣ በኋላ ደጋግሞ ሲያየኝ ቆየና፣ «ጋሼ፣ ረሱኝ እንጂ እኔስ ተማሪዎ ነበርሁ» አለኝ። ያስተማርኋቸው ብዙ ናቸውና በመልኩ አላወቅሁትም። እርሱ ግን እንዳስታውሰው ብሎ፣ «ግራ እጅ!» አለና ሣቀ።

ነገሩ ይህ ነው። በወጣትነቴ ሳስተምር፣ ከበላይ መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪ ይመጣል በተባለ ጊዜ፣ ለተማሪዎቼ አንድ ደንብ አወጣሁ። ስጠይቅ ሁላችሁም እጃችሁን አንሡ፤ መልሱን የምታውቁ ቀኛችሁን፣ የማታውቁ ግራችሁን አንሡ፤ እኔ የምጠራው ቀኙን ያነሣውን ነው አልኋቸው። ተቆጣጣሪው ከኋላ ወንበር ተቀመጠ። በጠየቅሁ ቍጥር የክፍሉ እጅ እንደ ማሽላ እርሻ ይቆማል፤ የጠራሁትም ሁሉ በትክክል ይመልሳል። ተቆጣጣሪው በመዝገቡ ላይ ስለ እኔ መልካም ቃል ጻፈ። የሚገርመው ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። ዓመት ሁለት ዓመት ሲያልፍ ስለዚያ ክፍል ለባልደረቦቼ ስናገር፣ እንደዚያ ያለ ንቁ ክፍል አስተምሬ አላውቅም እል ነበር፤ ስለውም አምኜ ነው። ሮበርት ትሪቨርስ የተባለው የሥነ ሕይወት ሊቅ፣ ሰው ራሱን የሚያታልለው ሌላውን አሳምሮ ለማታለል እንዲመቸው ነው ብሎ ያስተምራል፤ የሚዋሸው ሰው ውሸቱን ካመነው ፊቱ አያጋልጠውምና። እኔ ግን ተቆጣጣሪው ከሄደ በኋላ ማንን ለማታለል እንዳመንሁት አላውቅም።

ጀልባ ነጂው ግራ እጃቸውን ካነሡት አንዱ ነበር። «ያን ቀን» አለኝ፣ «አንዱን ጥያቄ ዐውቄው ነበር፤ የዓባይን ምንጭ ነው የጠየቁን። እዚሁ ጣና ዳር ያደገ ልጅ ዓባይን ሊያጣው ነው? ግን እጄ ግራውን ከለመደ በኋላ ቀኙን ማንሣት ፈራሁ። ከአሁን በፊት ግራ ሲያነሣ የነበረ ልጅ ቀኝ ካነሣ፣ ሌሎቹ ይስቁብኛል ብዬ።» በቍጣ አልተናገረውም። እኔም ይቅርታ ልጠይቀው አሰብሁና፣ ይቅርታው ራሱ እንደ ልጅነቴ ደብተር ትንሽና ቆንጆ ጥፋት እንዳይሆንብኝ ፈራሁ፤ የልጅ ልጄም አጠገቤ ተቀምጣ ትሰማ ነበር። ዝም ብዬ ቆይቼ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነበር» አልሁት። እርሱም መሪውን ወደ ባሕር ዳር መለስ አድርጎ፣ «ለመሆኑ ጋሼ፣ ያ ሰውዬ አላወቀም ነበር?» አለኝ።

አላወቀም ልለው ነበር። ከዚያ ግን ለረጅም ዘመን ያላሰብሁት ነገር ትዝ አለኝ። ተቆጣጣሪው ከመሾሙ በፊት ብዙ ዘመን መምህር የነበረ ሰው ነው። ከክፍሉ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ዞር ብሎ፣ ልጆቹንም እኔንም አየና፣ ግራ እጁን ከፍ አድርጎ ተሰናበተን። ያን ጊዜ ሰላምታ መስሎኝ ነበር።